«ባለፈው ስነግርዎት ምን አሉኝ?»

ታኅሣሥ ለማተሚያ ቤት የመኸር ወር ነው። በገና ጾም ሠርግ የለም፤ የጥር ሠርግ ካርድ የሚታተመው ግን ያኔ ነው። በ2016 ታኅሣሥ አራት ነበርን። እኔ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ልጅ፣ ማሽኑን የያዙት ጋሼ፣ እና ካርድ የምታጥፈው፣ ፖስታ የምትለጥፈው፣ ሻይም የምታመጣው ልጅ። ሱቃችን ፒያሳ ነበር። ዛሬ ቦታው ፈርሷል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

አንዲት የሙሽሪት እናት መጡ። 350 ካርድ፣ ጽሑፉ በወርቅማ ቀለም። የሙሽራው ዘመዶች አሜሪካ ስለሆኑ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። ቀኑን ራሳቸው ናቸው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈው ያመጡት። «ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.»፣ ከሥሩ ደግሞ «ጃንዋሪ 26»። ልጁ ጻፈው። ናሙናውን በቴሌግራም ላክን። ሙሽሪት «በጣም ያምራል!» ብላ ከሦስት ልብ ጋር መለሰች። እኔም ቀለሙን አየሁ፣ አማረኝ፣ «ይታተም» አልኩ። ቀኑን ያየ ሰው አልነበረም።

ማለቴ፣ አንድ ሰው አይቶት ነበር።

ካርዱን ከወሰዱ በሦስተኛው ቀን እናትየው ተመለሱ። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት እንጂ አልተቀመጡም። «አሜሪካ ያለችው እህቱ ደወለች። ሠርጉ ዓርብ ነው ቅዳሜ? የአውሮፕላን ትኬት ልቁረጥ ነው አለች» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ጃንዋሪ 26 ዓርብ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። 2015 ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር። እንዲያ ሲሆን አዲሱ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይገባል፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ጥምቀት እንኳን ያን ዓመት ጃንዋሪ 20 ነበር። ጥር 18 ደግሞ 27 መሆን ነበረበት። እናትየው በለመዱት ቆጥረው ነው። እኔስ? በየዓመቱ ካላንደር የማትም ሰው ነኝ።

«ቁጥሯ ላይ ትንሽ ወረቀት እንለጥፍ?» ብዬ ሞከርኩ። «በልጄ ሠርግ ካርድ ላይ ፕላስተር?» አሉኝ። ሁለተኛ አላነሳሁትም።

እሳቸው እንደወጡ ልጁ ላይ ጮህኩበት። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፈውም። «ዓይንህ የት ነበር?» የሚለው ከሁሉም የተሻለው ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ። ፖስታ የምትለጥፈው ልጅ ናት ቀስ ብላ «አይቶት ነበር እኮ፤ ለእኔ ነግሮኛል» ያለችው።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«ባለፈው ስነግርዎት ምን አሉኝ እትዬ?»

ምን እንዳልኩት አላስታወስኩም። እሱ ግን ቃል በቃል ያውቀው ነበር። ኅዳር ላይ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ትልቅ ባነር አዘዘ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ኤልን ሁለት አድርጎታል። ልጁ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ አንድ ኤል ነው» አለ። ሰውየው ፊቱ ተቀያየረ። እኔ ደግሞ ደንበኛ እንዳይከፋ ብዬ፣ በሰው ፊት፣ «አንተ የተሰጠህን ጻፍ። ደንበኛ አታርምም» አልኩት። ሰውየው ሳቀ። ባነሩ በሁለት ኤል ታተመ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ልጁ እንግዲህ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። የተሰጠውን ጻፈ።

ያን ቀን ማታ ግን እንዲህ አላሰብኩም። እልኸኛ ነኝ። የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የጋሼን የትርፍ ሰዓት ደምሬ ከደመወዙ ልቆርጥ ወሰንኩ። ሒሳባችንን የሚሠራልን ሰው ጋ ደወልኩ። «በምን ሕግ?» አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 59፣ አሠሪ ደስ ስላለው ብቻ ደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ካልሆነም የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የተስማማበት ነገር ያስፈልጋል። ያም ኖሮ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ በላይ አይነካም። «ደግሞስ» አለ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ይታተም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

350ውን በራሴ ኪሳራ ደግሜ አሳተምኩ። ጋሼ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ማሽኑ ላይ ቆሙ። ልጁም ሂድ ብለው እምቢ ብሎ ሲያጥፍ አመሸ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ግን ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው። የሰደብኩት በሰው ፊት፣ ይቅርታው በጓዳ። ይሄ ልክ እንዳልሆነ ውስጤ ያውቀው ነበር። ለጊዜው ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

በማግሥቱ አንድ ነገር ደነገግሁ። ሥራ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከደንበኛው ወረቀት ጋር ያያል። የተጠራጠረ ያስቆማል፣ ማንም ይሁን ማን። ሁሉም «እሺ እትዬ» አሉ። ያመነኝ አልነበረም። እኔም ብሆን አላምንም።

የተፈተንኩት ጥር ላይ ነው። ሌላ የሠርግ ካርድ፣ እሑድ የካቲት 3፣ ፌብሩዋሪ 11። ደንበኛው እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሁለት ሰው አለ። ጋሼ ማሽኑን አስነስተዋል። ፖስታ የምትለጥፈው ልጅ በድንገት «ይቁም!» አለች። «ፌብሩዋሪ 10 ነው መሆን ያለበት!»

ማሽኑ ቆመ። ስልክ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ እንደገና ተቆጠረ። 11 ትክክል ነው። ተሳስታለች። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ደንበኛው ሰዓቱን ያያል። የተበላሸ ወረቀት መሬት ላይ ነው። ንዴቱ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ጋሼ ያዩኛል፣ ልጁ ያየኛል፣ እሷ ደግሞ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ጥሩ አደረግሽ» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፤ ግን ደንበኛው ባለበት ነው።

«10 መሆኑን ከየት አየሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ከጋሼ ማሽን በላይ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ጠቆመችኝ። የ2015 ነበር። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ካተምናቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው ብዬ፣ ዓመት ሲለወጥ ላወርደው አላስቻለኝም ነበር።

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ጋሼ ከሥር ወንበሩን ያዙልኝ፤ ምንም አላሉም፣ ግን ሲስቁ ይሰማኛል።