ጉባኤና ፈተና እንዳይላተሙ

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጉባኤ ልታዘጋጁ ከሆነ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የዘንድሮውን ካሌንደር ከሬጅስትራር ውሰዱ፤ የአምናው አያገለግልም፣ ሴሚስተር ይንሸራተታል። በ16 ሳምንት ሴሚስተር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ይመቻል፤ ከዚያ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ይገባል። ፋይናል እንዳለቀም አትቸኩሉ፤ መምህራኑ እርማት ላይ ናቸው፣ 10 ቀን ስጧቸው።

«ክረምት ግቢው ባዶ ነው» የሚሉት ግን ያሳስታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰጣል፤ ተፈታኞቹ ዶርም ያድራሉ፣ ካፌውም የሚያበስለው ለእነሱ ነው። የተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ደግሞ በኮምፒውተር ስለሆነ ቀድሞ የሚያዘው የኮምፒውተር ላብ (ክፍል) ነው። አዳራሽ ተፈቅዶ ላብ ከታጣ በጉባኤው ላይ ያሰባችሁት የኮምፒውተር ወርክሾፕ ቀረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ተለዋጭ ቀንም ጻፉበት።