አማርኛ በፍራንክፈርት፣ 1698

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1698 ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲወራ ብዙም የማይነሣ ዓመት ነው። እኔ ግን ከዚያ ምዕተ ዓመት አንድ ዓመት ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላቱን ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው በዚያ ዓመት ነውና። ከዚያ በፊትም ለነገሥታት የተገጠሙ የአማርኛ ውዳሴዎችና ከኢየሱሳውያን (ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ጋር በተደረገው የሃይማኖት ክርክር የተጻፉ ድርሳናት ነበሩ። የቋንቋው ሥርዓት ተተንትኖ፣ ግሱ እየረባ፣ ግዕዝ የማያውቃቸው ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀና ጨ በየቦታቸው ተሰድረው በመጽሐፍ መልክ የታተሙት ግን ያን ጊዜ ነው።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አልረገጠም። አማርኛን ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ ካቶሊካዊ በመሆናቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው ሮም የደረሱ ሰው ነበሩ። በ1649 እዚያ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመናዊው መስፍን ኤርነስት ጎታ ከተማ ድረስ አስጠርቷቸው ሁለቱ ተቀምጠው ሠሩ። አባ ላቲን ስለማያውቁ፣ ሉዶልፍም ግዕዝን በመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ ስላልተማረ፣ መጀመሪያ ላይ መግባባቱ ቀላል አልነበረም። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ።

እንግዲህ መጻሕፍቱ የወጡት መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት አንባቢን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ በውስጡ የሚሰማው አማርኛ በአብዛኛው አባ ጎርጎርዮስ ከአገር ሲወጡ ይዘውት የሄዱት እንጂ በ1698 ጎንደር ላይ በዐፄ ኢያሱ ግቢ ይነገር የነበረው አይደለም። የቆዩ የአማርኛ ቃላትን ዕድሜ ለመገመት መዝገበ ቃላቱን የሚጠቅስ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም ባይ ነኝ።

ሰዋስዉ በርእሱ ላይ ከዚህ ጥንታዊና ስመ ጥር ክርስቲያን ሕዝብ ጋር መነጋገር ለሚሹ የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ተነሥቶ ነበርና፣ ሉዶልፍ ያሰበው ዓይነት ተጓዥ በእርግጥም መንገድ ላይ ነበር። የቤተ መጻሕፍት መዝገቦች ሁለቱንም ሥራዎች በሉዶልፍ ስም ብቻ ያስቀምጧቸዋል፤ እኔ ብሆን የአባ ጎርጎርዮስንም ስም አብሬ እጽፍ ነበር።