ከ‹አንቺ› ወደ ‹እርስዎ›፦ የመጀመሪያ አልበሜ እንዴት እንደ ተሠራ

የመጀመሪያ አልበሜን ሥራ በ2010 ዓ.ም. ስጀምር የሚያስፈልገኝ ገንዘብ፣ ጥሩ አቀናባሪና ትዕግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥራው አራት ዓመት ፈጅቶ በ2014 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ለአድማጭ ሲደርስ ግን፣ ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የበላችው በግሥ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ‹ህ› የምትባል አንዲት ፊደል እንደ ነበረች ገብቶኛል። ነገሩ ቀልድ ስለሚመስል ከመነሻው ላስረዳ።

በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ የምሽት ቤቶች ለዓመታት የሌሎችን ዘፈን ስዘፍን ስለ ኖርሁ ገጣሚዎችንና የዜማ ደራሲዎችን በቅርብ አውቃቸው ነበር። ለአልበም ግጥም እንደምፈልግ ስነግራቸው አብዛኞቹ ደብተራቸውን ገልጠው የሰጡኝ ለወንድ ድምፃዊ ታስቦ የተጻፈ ሥራ ነበር። ‹‹ምን ችግር አለው፣ አንቺ የሚለውን አንተ ማድረግ ነው›› ይሉኛል። እኔም አመንኋቸው። ከተቀበልኋቸው ግጥሞች አንዱ እንዲህ የሚሉ ሁለት ስንኞች ነበሩት፦

መንገድ ዳር ቆሜ ሌሊቱን ጠበቅኩሽ፣
ጎህ ሲቀድ እንደ ጉም ከእጄ ላይ አጣሁሽ።

በወረቀት ላይ ‹ጠበቅኩህ› እና ‹አጣሁህ› ብለን ለወጥነው፤ ቤትም መታ። ማይክሮፎን ፊት ስቆም ግን ሌላ ነገር ሆነ። ‹ሽ› በስንኝ መጨረሻ ላይ ጆሮ የሚይዛት፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ እየሰላች የድምፅ ባለሙያውን የምታስቸግር ፊደል ናት፤ ‹ህ› ግን ትንፋሽ ብቻ ስለሆነች ከበሮና ቤዝ ጊታር ከሥር ሲገቡ ትጠፋለች። አድማጭ የሚሰማው ‹ጠበቅኩ…› እና ‹አጣሁ…› የሚሉ፣ ለማን እንደ ተባሉ የማይታወቁ ጅራተ ቆራጣ ቃላት ነው። አቀናባሪው የስንኞቹን መጨረሻ በእጁ እየመረጠ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጋቸው ደግሞ የሚያለከልክ ሰው የዘፈነው መሰለ።

ከድምፁ የባሰው ትርጉሙ ነው። ወንድ ሌሊቱን መንገድ ዳር ቆሞ ቢጠብቅ አፍቃሪ ይባላል። በእኛ ሰፈር ሌሊቱን መንገድ ዳር የምትቆም ሴት ምን እንደምትባል ግን ገጣሚው አላሰበበትም፣ እኔም ዘፍኜ እስክጨርስ ድረስ አላሰብሁበትም። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ልጆች በሳቅ ሲፈርሱ ነው የነቃሁት። ዘፈን ከሴት መስማት ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ክራሯን ይዛ ትዘፍን የነበረችውን አስናቀች ወርቁን፣ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈነችውን ብዙነሽ በቀለን የሰማ ከተማ ነው። ሆኖም በጄ ላይ የነበሩት ግጥሞች የወንድን መልክ ለማሞገስ ቃል አልነበራቸውም። ዛላ፣ ሽንጥ፣ ሎሚ፣ ሐር፣ ሁሉም የሴት ነው። ለወንድ የተረፈለት ጀግንነቱ ብቻ ሲሆን፣ ፍቅረኛዬን በፉከራ ቃል ማባበል ደግሞ አልሆነልኝም።

የምንቀርጽበት ስቱዲዮ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረ አሮጌ ግቢ ውስጥ የተከራየ ክፍል ነበር። (ግቢው ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል።) ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድምፅ መቅዳት አይታሰብም፤ በበጋም ቢሆን ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት የታክሲ ረዳት ጥሪ በግድግዳው አልፎ ይገባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የምሽት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ደግሞ የስቱዲዮ ኪራይ የምከፍልበት ገቢ ቆመ። አንድ ዓመት ያህል ያለ ሥራ አለፈ።

በዚያ መሐል አንድ የሙያ ትምህርትም አግኝቻለሁ። ከዘፈኖቹ አንዱ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ነበር፤ ቅኝቱ ራሱ እንኳ ስሙን ‹አንቺ› ብሎ ይጀምራል፣ ከዚህ ቃል የት ይሸሻል? የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌሩ በፈረንጆች የድምፅ መሰላል (ሜጀር ስኬል) ተሞልቶ ስለነበር፣ የአንቺሆዬን ጠባብ ርቀቶችና ሆን ብዬ የማንሸራትታቸውን ድምፆች ሁሉ እንደ ስሕተት እየቆጠረ ‹ያርማቸዋል›። ለሦስት ሳምንት ያህል ‹‹ዜማው ምን ሆኖ ነው የቀዘቀዘው?›› ስንባባል ቆየን፤ ሶፍትዌሩን ስናጠፋው ዜማው ተመለሰ። አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች በእጅ መሙላት ይቻል እንደ ነበር በኋላ ተረዳን፤ ለመንሸራተቱ ግን ማጥፋቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

የ‹ህ›ን ነገር የፈታችልኝ አክስቴ ናት። አንድ እሑድ ሠራተኛ ሰፈር ከቤቷ ቡና ስንጠጣ ያን የመንገድ ዳር ግጥም አነበብሁላት። ስኒዋን ረከቦት ላይ አስቀመጠችና ‹‹አንቺ ልጅ፣ እኔ ባሌን አንድም ቀን አንተ ብዬው አላውቅም፤ እርስዎ ነው የምለው። ሰው ፊት ቀርቶ መኝታ ቤትም እርስዎ ነው›› አለችኝ። ‹‹ታዲያ ፍቅሩ የቱ ላይ ነው እትዬ?›› ብላት ‹‹እዚያው ላይ ነዋ!›› ብላ ሳቀችብኝ።

በማግሥቱ ገጣሚውን ይዤ ተቀመጥሁ። ጋሼ ገጣሚው መጀመሪያ ‹‹በአንቱታ ማን ይዘፍናል፣ የወጣት አልበም መሰለኝ እኮ›› ብሎ ተቃወመ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስዘፍንለት ግን ዝም አለ፤ ምክንያቱም ‹ዎ› አፍ የሚከፍት፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ተይዞ ሊቆይ የሚችል አናባቢ አላት። መንገድ ዳሩን ትተን ሴትየዋን ቤቷ አስገባናት፦

በሬን ሳልዘጋ ጎህ ድረስ ጠበቅኩዎ፣
ጋቢዎ እኔ ዘንድ ቀርቶ እርስዎን አጣሁዎ።

ይህን ‹እርስዎ› ብለን ሰይመን በክራርና በዋሽንት ብቻ አጅበን ቀረጽነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ግጥሞች ከ‹ህ› ለማሸሽ እንደ ገና ሠራናቸው፤ ጥቂቶቹን ‹እሱ› እያልሁ በሩቁ አወራኋቸው፣ ስምንቱን ጭራሽ ተውኋቸው። ከ19 ዘፈኖች 11ዱ ቀሩ። አብሮኝ ሊሠራ የነበረ አንድ አሳታሚ ‹‹መክፈቻው የሰርግ ዘፈን ካልሆነ አላወጣም›› ብሎ ራሱን ሲያገል፣ ከእቁብ በወጣልኝ ገንዘብና ከእህቴ በተበደርሁት ራሴ አሳተምሁት።

የሚወጣበት ቀን ላይ ብዙ አልተከራከርንም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ዘፈን የማይሰማ አድማጭ ብዙ ስለሆነ ቅዳም ሹር ማለት ለእኛ ሙያ የመከር ቀን ነው። በዚያው ቀን ማታ ሙሉ አልበሙ ‹ሙዚቃ እንጭናለን› በሚሉት ሱቆች በሜሞሪ እየተጫነ ነበር፤ ተናደድሁ፣ ነገር ግን ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ዘፈኔን ያሰሙልኝም እነዚያው ሱቆች ናቸው። የጸጸተኝ ሌላ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንና የከዋኙን (እንደ እኔ ያለውን ድምፃዊ) መብት ለየብቻ ይጠብቃል፤ እኔ ግን ከአንድ የዜማ ደራሲ ጋር በቃል ብቻ ስለ ተስማማሁ፣ ዘፈኑ በዩቲዩብ ሲታይ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው ለመነጋገር ሽማግሌ አስፈለገን። ዛሬ ወረቀት ሳይፈረም ስቱዲዮ አልገባም።

እንዲወደዱ የጠበቅኋቸው የጭፈራ ዘፈኖች አንድ ወር ያህል ተሰምተው ቀዘቀዙ። አንድ ሙዚቃ ገምጋሚ በሬዲዮ አልበሙን ‹‹ከሚገባው በላይ የተጠነቀቀ›› ብሎታል፤ እውነቱን ነው፣ ሦስቱ ዘፈኖች ብዙ ከመታረማቸው የተነሣ ደም የላቸውም። ‹እርስዎ›ን ግን ማንም የፍቅር ዘፈን አድርጎ አልሰማውም። ሰዎች የአባቶቻቸውን ፎቶ ደርድረው ከሥሩ ያንን ዘፈን እየከተቱ ይለቁ ጀመር፤ በአርባና በሙት ዓመት ተከፈተ። ጋቢው፣ ሳይዘጋ ያደረው በር፣ ‹አጣሁዎ› የሚለው ቃል፣ ሁሉም ለእኔ የባል ነበር፤ ለሰሚው የሟች አባት ሆነ። አባቴ ራሳቸው ደውለው ‹‹ምነው ልጄ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ?›› አሉኝ። በቃለ መጠይቅ ሁሉ ‹‹ኧረ የፍቅር ዘፈን ነው›› እያልሁ ለማስተባበል ሞከርሁ። አክስቴ ብቻ አልገረማትም፤ እንደ እርሷ አባባል ሴት ወንድን በወጉ የምታሞግሰው ሙሾ ላይ ስለሆነ ሰዉ የለመደውን ነው የሰማው።

ባለፈው ጥቅምት ከአራት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ስሄድ የተሳፈርሁበት መኪና ሾፌር ዘፈኑን ከፈተው፤ እኔን አላወቀኝም። ‹‹አባቴ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሳልሰማው አልወጣም። ልጅቷም አባቷን ቀብራ ነው አሉ የዘፈነችው›› አለኝ። ‹‹ነፍስ ይማር›› አልሁት። ‹‹አሜን›› አለና የቸርችልን ቁልቁለት ስንጀምር ድምፁን ከፍ አደረገው።