የከብት አጥንት በሁዳዴ

የዛሬ አስራ አንድ አመት የታችኛውን መንጋጋ ጥርሴን ሳስነቅል "ጥጡን ነክሰሽ ሂጂ" ከመባል በቀር ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔም በሌላኛው በኩል እያኘክኩ ኖርኩ። ዘንድሮ ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ የሚቆም ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ ላስተክል ስሄድ ነው ጉዴን ያወቅኩት። ለካ ጥርሱ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ስራ ፈት ሆኖ እየሟሟ ይሄዳል፣ ስፋቱ በመጀመሪያው አመት ብቻ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ስሪዲ ራጅ ተነሳሁ፣ ዶክተሯ ስክሪኑ ላይ የአጥንቱን ስፋት ለካችው፣ 4 ሚሊሜትር! የሚገባው ብሎን ራሱ 4 ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ቢያንስ አንድ አንድ ሚሊ አጥንት ይፈልጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦን ግራፍት፣ የጎደለውን አጥንት መሙላት ማለት ነው። ትንሽዬ ጠርሙስ አሳየችኝ፣ ውስጡ እንደ ሻካራ ጨው ያለ ነጭ ነገር። "የከብት አጥንት ነው" አለች። ስጋ ነክ የሆነው ሁሉ ወጥቶለት ማዕድኑ ብቻ ነው የቀረው፣ የራሴ ሴሎች እሱ ላይ እየወጡ አዲስ አጥንት ይሰራሉ፣ የህንጻ ርብራብ በሉት፣ ልዩነቱ ርብራቡ አይፈርስም እዛው ግድግዳው ውስጥ ይቀራል።

ለእማዬ ስነግራት "በሁዳዴ? የከብት አጥንት? አንቺ ልጅ!" አለች።
"አልበላውም እኮ እማዬ፣ ድዴ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"
"አፍሽ ከገባ በኋላ ምን ቀረው!"
ለንስሐ አባታችን ተደወለ፣ ሳቁና "መድኃኒት ነው፣ ተዪያት" አሏት። ከላይ የሚያለብሱት ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአሳማ እንደሚሰራ ግን አልነገርኳትም፣ ራሴ ጠይቄ ሽፋኑን ከከብት በተሰራ አስቀየርኩት።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ አላመመኝም። ከክንዴ ደም ቀድተው ማሽን ላይ አሽከረከሩት፣ ቢጫ ጄሊ ወጣው፣ ከአጥንቱ ጋር ሲለወስ ቁርጥ ቅንጬ! ጉዱ የመጣው በሶስተኛው ቀን ነው፣ ጉንጬ አምባሻ አከለ፣ አስር ቀን በቀዝቃዛ አጥሚትና በለብ ያለ ሽሮ ከረምኩ። አንድ ሌሊት ደግሞ ምላሴ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር አገኘሁ፣ ያ ሁሉ ብር ፈሰሰ ብዬ እስኪነጋ አልተኛሁም፣ ጠዋት ስደውል "ጥቂት ፍሬ መውጣቱ ያለ ነው፣ በምላስሽ አትነካኪው" ተባልኩ። አትነካኪው ሲሉኝ ምላሴ እሱን ብቻ ሆነ የሚፈልገው።

አሁን ፍልሰታ ላይ ነን፣ መስከረም ላይ ራጅ ተነስቼ ከጠነከረ ብሎኑ ይገባል። እስከዛ የበቆሎ እሸቱን እማዬ ቀቅላ በቢላ እየፈለፈለች ነው የምታጎርሰኝ፣ በግራ በኩል።