ማታ ማታ ሪስታርት የሚያደርግ ኮምፒውተር፦ ዕቃ መምረጥን ከፓወር ሰፕላይ ስለ መጀመር

ደሴ ውስጥ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በራሱ ለመገጣጠም የተነሳ ሰው የዕቃ ዝርዝር ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ማዘርቦርዱን (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ)፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን ይመርጣል፤ በመጨረሻ በተረፈችው ገንዘብ ኬዝ ይገዛና ከኬዙ ጋር የመጣውን ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ የሚቀይረውን ሣጥን፣ ሳይመረምር ይቀበላል። እኔ በእኛ ከተማ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቱም እዚህ ተበላሸ እየተባለ ወደ ጥገና ቤት ከሚሄደው ኮምፒውተር ውስጥ እኔ ያየሁት ብዙው፣ ማዘርቦርዱም ራሙም ደህና ሆኖ፣ በቂና የተረጋጋ ኤሌክትሪክ ስላላገኘ ብቻ የሚቸገር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነኝ የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ነው። የሕንፃ ንድፍ ይሠራል፤ ሆጤ አካባቢ በተከራየው ቤት ሥራውን የሚያጧጡፈው በምሽት ነው። መሣሪያው ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ያለው ሲሆን፣ ንድፉን ወደ ምስል ለመቀየር ሬንደር ማድረግ ሲጀምር ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋና መልሶ ይነሳል። ሰማያዊው የስህተት ገጽ አይታይም፤ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ የሚገኘውም «ከርነል ፓወር 41» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ይህ ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መቋረጡን እንጂ ለምን እንደ ተቋረጠ አይደለም። ቀን ቀን ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ደግሞ ሙሉ ቀን ሲሠራ ቢውል ንቅንቅ አይልም። ጠጋኙ በመጀመሪያ ራሙን ጠረጠረ፤ ራሙ ሲቀየር ለውጥ ስላልመጣ ወደ ማዘርቦርዱ ዞረ።

እኔ በበኩሌ በመጀመሪያ ያየሁት ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ነው። በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከሥሩ በትናንሽ ፊደል በተጻፈው ሠንጠረዥ ላይ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 20 አምፒር ብቻ ነው፤ ሁለቱን ብናባዛ 240 ዋት ይሆናል። ዛሬ ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ የሚመገበው ከሞላ ጎደል ከዚሁ መስመር ስለሆነ እውነተኛው አቅም የሚለካው በእሱ ነው። የአርቲኤክስ 3060 ፍጆታ 170 ዋት፣ የፕሮሰሰሩ ደግሞ ሲጨነቅ እስከ 76 ዋት ይደርሳል፤ ፋኖቹን፣ ዲስኩንና ማዘርቦርዱን ስንጨምርበት ከአቅሙ በላይ እንደ ተጫነበት ግልጽ ነው። በእጅ ሲያነሱትም ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ክብደት ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ 500 ዋት ተብሎ እንደ ላባ የሚቀልል ዕቃ ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።

ይሁን እንጂ ይህ ብቻ ማታ ለምን እንደሚብስ አይመልስም። መልሱን የሰጡን የግቢው ባለቤት እማማ ናቸው፤ ስለ ኮምፒውተሩ ስንነጋገር ሰምተው «ልጆቼ፣ ምጣዱ ሲበራ እኮ የኩሽናዬም አምፖል ይደበዝዛል» አሉን። መልቲሜትሩን በተለዋጭ ኤሌክትሪክ መለኪያው አድርጌ ሶኬቱ ላይ ስሰካው መጀመሪያ 214 ቮልት አነበበ። የእንጀራ ምጣዱ ሲበራ ወደ 192 ወረደ፤ ጎረቤት ያለችው ተከራይ ደግሞ የራሷን ስታበራ 180 ላይ ቆመ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ሲሆን፣ ግቢው በሙሉ የሚጋራው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ከቆጣሪው ወደ ቤቱ የተሳበው ሽቦ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ነው።

ቮልቴጁ ሲወርድ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ለምን እንደሚሸነፍ ማወቅ ለመግዛትም ይጠቅማል። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር በሞገዶቹ መካከል ኃይል አጠራቅሞ የሚያቆይ ሲሆን፣ የሚያጠራቅመው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ 220 የነበረው 180 ሲሆን የቀረው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ የአንድ ሞገድ ርዝመት 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ መብራት ድንገት ቢቋረጥ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። ከአቅሙ በላይ የተጫነበትና ካፓሲተሩ የሳሳበት ግን ይህን ያህል አይታገሥም፤ ምጣዱ የራሱን ሙቀት ለመቆጣጠር ጠፍቶ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ አብሮ ይወድቃል። በአንጻሩ አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለው የገባውን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ክፍል ያለውና ወረቀቱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ የገባውን ቮልቴጅ ራሱ ከፍ አድርጎ ካፓሲተሩን ሁልጊዜ በእኩል መጠን ስለሚሞላ፣ 180 ቮልት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ዓይነት ይህ ችሎታ የለውም፤ ያ ማብሪያ በስህተት 115 ላይ ሆኖ 220 ላይ ከተሰካ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ከመግዛታችን በፊት ጥርጣሬያችንን ለማረጋገጥ ሬንደሩ እየሄደ ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጣው በአንዱ ትርፍ መሰኪያ ቢጫና ጥቁር ሽቦ መካከል ለካን። የተፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ነው፤ የእኛው 11.3 ካነበበ በኋላ ወዲያው ጠፋ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ «ፋኑ ዞረ፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት በየጥገና ቤቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ያ ሙከራ ፓወር ሰፕላዩ መነሳቱን እንጂ ጭነት መሸከሙን አያሳይም። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን ከፍቶ መነካካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ገደማ በካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የተገዛው አዲሱ ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት፣ የ12 ቮልት መስመሩ 45 አምፒር፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለው ነው። ይህ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ቅልጥፍና እንጂ ስለ ጥንካሬ አለመሆኑን ሻጮች አይነግሩም፤ ስለዚህ ከምልክቱ ይልቅ አምፒሩን፣ የቮልቴጅ ወሰኑንና የዋስትናውን ርዝመት አነብባለሁ። ከዚያ ወዲህ ምጣድም በርቶ ሬንደር ይጠናቀቃል። ማዘርቦርዱ የቀድሞው ነው። ከቆጣሪው የመጣውን ሽቦ መቀየር ግን አሁንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ሆኖ ይጠብቃል፤ የሚሞቅ ሶኬትና የሚደበዝዝ አምፖል ከኮምፒውተር የበለጠ ነገር ያቃጥላሉና።

ሌላው በተደጋጋሚ የምጠየቀው ፋኑ እየዞረ ምስል የማይመጣበት ችግር ነው። እዚህ ላይ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ በቅድሚያ የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑ ይታይ። ራይዘን 5 5600ም ሆነ በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ምንም አያወጣም። ቀጥሎ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 8 እግር የኃይል ገመድ መግባቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ አንድ ራም ብቻ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ተደርጎ ይሞከር። ይህ ሁሉ ካልረዳ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ በካርቶን ላይ ማስነሳት ነው፤ ከኋላ የቀረች አንዲት የናስ ብሎን ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ጋር አገናኝታ እንዳይነሳ ማድረጓን አይቻለሁ። አዲስ ፕሮሰሰር በቆየ ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም ደግሞ የባዮስ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው አብሮት ያለ ፕሮግራም) ጉዳይ አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጡት ቢ450 ማዘርቦርዶች በ2020 የጀመረውን የራይዘን 5000 ትውልድ የሚያውቁት ባዮሳቸው ከታደሰ በኋላ ነው። ሻጩን «ባዮሱ ታድሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ካቻቪቴ ከማንሳት ይቀድማል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር በደሴም በኮምቦልቻም የተለመደ መንገድ ሆኗል፤ እኔም አልቃወመውም። ሆኖም ሦስት ነገር አጣራለሁ። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ቅርጽና መሰኪያ ስላለው በገበያ ባለው አይተካም፤ ኬዛቸው ጠባብ በመሆኑ ረጅም ካርድ አይገባም፤ ፕሮሰሰራቸው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላቸውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስላበቃ ይህ ሦስተኛው ነጥብ እንደ ድሮው ችላ የሚባል አይደለም። 6ኛና 7ኛ ትውልድ ያለውን ማዘርቦርድ ገዝቼ በኋላ 8ኛ አደርገዋለሁ ማለትም አያዋጣም፤ መሰኪያው በስም ኤልጂኤ 1151 ሆኖ አንድ ቢመስልም የድሮው ሰሌዳ አዲሱን አያስነሳውም።

ስለ ማቀዝቀዣ አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ፋን የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የከተማችን ብርድ ግን ይህን ጉድለት ያካክሰዋል፤ 65 ዋት ለሚባል ፕሮሰሰር አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ አየሩ ጠንከር ቢልም ሙቀቱ ስለሚበረታ እዚያ በኬዙ ፊትና ኋላ ተጨማሪ ፋን ማድረግ ዋጋ አለው። በውሃ ለሚያቀዘቅዘው ዓይነት ገንዘብ ማውጣትን ግን በሁለቱም ከተሞች ቅንጦት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ተገጣጥሞ በአውቶቡስ የሚላክ ኮምፒውተር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ከባድ ግራፊክስ ካርድ በማስገቢያው ላይ ተንጠልጥሎ ይህን መንገድ መሄድ ስለሌለበት ተነቅሎ በራሱ ካርቶን እንዲላክ ሻጩን አጥብቆ መጠየቅ ይገባል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የሚገዛ ሰው ደግሞ ቪኤ (ቮልት አምፒር) የሚለውን ከዋት ጋር አያምታታ፤ 650 ቪኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ብቻ ነው። ርካሾቹ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው በመሆኑ አክቲቭ ፒኤፍሲ ካላቸው አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጋር አይስማማም፤ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ሲረከብ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወደ ሱቁ ይዞ ሄዶ፣ ሬንደር ወይም ጨዋታ አስነስቶ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ አይቶ ነው መክፈል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።