24 ስካውት ይዤ አንድ ሌሊት ውጭ ለማደር፦ የምሠራበትና የተውኩት

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ 24 ልጆችን ይዞ ወጥቶ አንድ ሌሊት በድንኳን አድሮ መመለስ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። የሚያደክመው ግን ካምፑ ሳይሆን ከካምፑ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። እዚህ የማሰፍረው አሁን የምከተለውን አሠራርና ሞክሬው አላዋጣ ሲለኝ የተውኩትን ነው።

ከክፍፍሉ ልጀምር። ልጆቹን 6 በ6 አድርጌ በአራት ፓትሮል፣ ማለትም በአራት ትንንሽ ቡድን፣ እከፍላቸዋለሁ። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ ውስጥ ባለችው ብራውንሲ ደሴት ላይ የሙከራ ካምፑን ሲያካሂድ ሃያ የሚሆኑትን ልጆች የመደባቸው በአራት ፓትሮል ነበር። አከፋፈሉ ዛሬም ያስኬዳል። 6 ልጅ አንድ ድስት ከብቦ ይበላል፣ ሁለት ድንኳን ይበቃዋል፣ አንዱ ሲጎድል ወዲያው ይታወቃል። 8 ሲሆኑ ስድስቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ቆመው ያያሉ። በየፓትሮሉ ትልቅና ትንሽ ይቀላቀላል፤ እኩያን ከእኩያ ብቻ ካደረግን የትንንሾቹ ድንኳን ሲመሽም መሬት ላይ እንደተዘረጋ ነው።

የስንቅና የዕቃ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከልጆቹ አንዱ የሆነው የፓትሮል መሪው ነው። እኔ የማየው ዝርዝሩን ሳይሆን ቦርሳውን ነው። "የዝናብ ልብስ ይዘሃል?" ለሚል ጥያቄ ከ24ቱም የሚመጣው መልስ "አዎ" ስለሆነ መጠየቁን ትቼዋለሁ። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት እያንዳንዱ ቦርሳውን አምጥቶ ላስቲክ ላይ ይዘረግፋል፤ መሪው እየጠራ፣ ልጁ እያነሳ ያሳያል። የሚጎድለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ትርፍ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ማንኪያ። የሚተርፈውም እንዲሁ፦ ሁለተኛ ጫማና ወፍራም ፎጣ።

ቀጥሎ ሚዛን። ልጁ ቦርሳውን አዝሎ ይመዘናል፣ ከዚያ አውርዶ ይመዘናል፤ ልዩነቱ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ መብለጥ የለበትም። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 8 ኪሎ ነው የሚሸከመው፤ የሚጠጣው 2 ሊትር ውሃ ብቻውን 2 ኪሎ እንደሆነ ደግሞ መርሳት አይገባም። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ ከወገብ በላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ልጁን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ልጁም ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። የመኝታ ከረጢቱና የማደሪያው ልብስ አፉ በተቋጠረ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ይገባሉ። ቦርሳውን ከላይ የሚያለብሱት መሸፈኛ ጀርባ በኩል ክፍት ስለሆነ ውሃው በትከሻ ወርዶ ይገባል።

አሁን ወደ መንገዱ። ብዙ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ርቀቱን አይተው አቀበቱን ይረሱታል። 1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ክር በመንገዱ ላይ እያጠማዘዝኩ አስተኛና በማስመሪያ እለካዋለሁ። 16.5 ሴንቲ ሜትር ከመጣ 8.25 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ክር ትንንሾቹን ጥምዝምዞች ስለሚዘል አንድ አስረኛ ጨምሬ 9 ኪሎ ሜትር እለዋለሁ። ከዚያ ሽቅብ የምናቋርጣቸውን የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም ካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ እቆጥራለሁ። በሁለት መስመር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ሆኖ 22 መስመር ካቋረጥን ወደ 450 ሜትር የሚጠጋ አቀበት አለብን ማለት ነው።

ሰዓቱን ለማስላት የምነሳው ከስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. የ1892 ስሌት ነው፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ 1 ሰዓት ጭማሪ። በዚህ ከሄድን 9 ኪሎ ሜትሩ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስሌቱ ግን ለጠንካራ አዋቂ ነው። ቦርሳ ያዘለ የ11 ዓመት ልጅ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ሄደ፤ ስለዚህ 3 ሰዓት ለርቀቱ፣ 45 ደቂቃ ለአቀበቱ፣ በየ50 ደቂቃው 10 ደቂቃ እረፍት ሲጨመር 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይደርሳል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ሁለት ሰዓት ድንኳን በብርሃን ለመትከልና በጨለማ ለመትከል ምክንያት የሚሆነው ልዩነት ነው። ካምፑ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድመን እንድንደርስ ወደ ኋላ ቆጥሬ የመነሻውን ሰዓት እወስናለሁ። መንገዱንም ራሴ ቀድሜ እሄድበታለሁ፤ መኪና ሊደርስባቸው የሚችሉትን መውጫዎች ካርታው ላይ ምልክት የማደርገው ያኔ ነው።

የሰልፉ አደረጃጀት ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ነገር ነው። ከፊት ካርታ የያዘው ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ይሄዳል፣ ከእነሱ ቀጥሎ ቀርፋፋው። ከኋላ ሌላ አዋቂ ይከተላል፤ እሱን አልፎ ወደ ኋላ የሚቀር ማንም የለም፣ ጫማ ለማሰርም ቢሆን። ቀርፋፋው ኋላ ሲሆን የሚፈጠረውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ዳግመኛ ኋላ አያስቀምጠውም። የፊተኞቹ ጅረት ተሻግረው ፍጥነታቸውን ሲቀጥሉ ኋለኞቹ ገና ድንጋይ እየመረጡ ነው፤ ሰልፉ ይሳሳል። ፊተኞቹ ጥላ አግኝተው አረፍ ይላሉ። የመጨረሻው ልጅ እያለከለከ ሲደርስ "በሉ እንሂድ" ይባላል። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ አንድ ደቂቃ አላረፈም፤ በጣም ማረፍ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነበር። ስለዚህ የእረፍቱ 10 ደቂቃ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ቦርሳውን ካወረደ በኋላ ነው።

ቆጠራው በየመታጠፊያው ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ቁጥሩን ይጠራ ነበር፤ ግን ለጓደኛው የሚመልስ አይጠፋም። አሁን ሁለት ሁለት ሆነው ጥንድ ጥንዳቸውን ያያሉ፣ የኋላው አዋቂ ትከሻቸውን እየነካ ይቆጥራል። የጠፋ ልጅ ካለበት እንዳይነቃነቅና ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲነፋ ነው ስምምነታችን። ያለ ምክንያት የነፋ ፊሽካውን ለመሪው ያስረክባል እንል ነበር፤ ይህን ቅጣት ሰርዘነዋል፤ ፊሽካ የሌለው ልጅ ይዞ መሄድ ቅጣቱ ለማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

እግር ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረግለት ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ከተነሳን ከ30 ደቂቃ በኋላ ሁሉንም አስቁሜ "ተረከዙን የሚያቃጥለው አለ?" እላለሁ። ቀላ ብሎ የሚሞቅ ቦታ ላይ ወዲያው ፕላስተር ከተለጠፈና እርጥብ ካልሲ ከተቀየረ አይቋጥርም። የአስም መንፊያ ወይም ሌላ መድኃኒት ያለው ልጅ በራሱ ኪስ ይይዛል፣ ሁለተኛው ከኋላው አዋቂ ዘንድ ነው። ኋላ በሚመጣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት እንደሌለ ይቆጠራል።

ኮምፓስ የያዘው ልጅ ኪሱ ውስጥ ስልክ ወይም ቢላዋ ካለ መርፌው ይሸፍታል። 5 ዲግሪ መሳት ትንሽ ይመስላል፤ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 87 ሜትር ያርቃል፣ በጫካ ውስጥ ድልድይ አጠገብ አልፎ ድልድዩን ላለማየት ይበቃል።

ሰፈራ ላይ ድንኳን ከጎድጓዳ ቦታና ከደረቀ ቅርንጫፍ ሥር ይርቃል፤ ካስማው ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድሎ ይመታል። መጸዳጃው ከውሃውም ከድንኳኑም ቢያንስ 60 ሜትር ነው፤ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ከነአካፋው ይቀመጣል፣ የተጠቀመ ሁሉ አፈር ይመልስበታል። ከካምፕ በኋላ ልጆችን የሚያስተኛቸው ብዙ ጊዜ ሆድ ነው፣ መነሻውም ያልታጠበ እጅ። ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትተን መታጠቢያው ጀሪካን እጀታ ላይ እናስረዋለን፤ ጭቃ ላይ አይወድቅም፣ አይጠፋም። የወንዝ ውሃ ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆንን 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆያል፤ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነውና።

ከግንባታ ሥራዎች ልጆቹ የሚወዱት የዕቃ መደርደሪያ ነው፤ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ቋሚና አግዳሚ እንጨት የሚያያይዘው አራት ማዕዘን እስራት የሚጠይቀው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ገመድ ነው። ገመዱ ከአግዳሚው እንጨት በታች ቋሚው ላይ ይቋጠራል። ከዚያ በአግዳሚው ፊት፣ በቋሚው ጀርባ እየዞረ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ እንጂ አይደራረቡም። በመጨረሻ ገመዱ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገብቶ ጥምጥሙን ራሱን ሁለት ጊዜ ያንቃል። እስራቱን የሚይዘው ይህ ማነቂያ ነው፤ ልጆች ግን እስከዚያ ደክሟቸው እንደነገሩ ያደርጉታል። አንዱ እግሩን እንጨቱ ላይ ደግፎ ወደ ኋላ ተንጋሎ እየሳበ፣ ሌላው እንዳይላላ በአውራ ጣቱ መጫን አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፦ አግዳሚውን በሁለት እጅ ይዞ መወዝወዝ። ከተነቃነቀ ይፈታል፣ ከሀ ይጀመራል። እኔ አልጠግንላቸውም።

ለእሳት ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 3 ሜትር የሚሆን ክብ ይጠረጋል። ክብሪት ከመጫሩ በፊት ሦስት ክምር መዘጋጀት አለበት፦ የደረቀ ሣርና ቅርፊት፣ ጣት የሚያህል ጭራሮ፣ የእጅ አንጓ የሚያህል እንጨት። እሳት የሚጠፋባቸው ጭራሮው ስለሚያንሳቸው ነው፤ ከሣር በቀጥታ ወደ ግንድ ይዘላሉ። በማግሥቱ አመዱ ላይ ውሃ ይፈሳል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ እንደገና ይፈሳል፤ ከዚያ የእጅ ጀርባ ይጠጋዋል። ሙቀት ካለ አልጠፋም።

ለማታ ጨዋታ ብዙ መድከም አያስፈልግም። 24 ዕቃ ጨርቅ ላይ ደርድሮ 1 ደቂቃ ማሳየት፣ ሸፍኖ ፓትሮሉ ተመካክሮ እንዲጽፍ ማድረግ፤ ደክሟቸው እንኳ ይጣሉበታል።

ነጎድጓድ ከመጣ ጨዋታ የለም። ከብልጭታው እስከ ድምፁ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ይገባል፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም። ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም። ስለዚህ መጠለያው የት እንደሆነ መንገዱን ቀድሜ ስሄድ ነው የማየው።

ከተመለስን በኋላ ድንኳኖቹ በዚያው ቀን ተዘርግተው ይደርቃሉ፤ እርጥብ እንደሆነ የተጠቀለለ ሸራ በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። የፓትሮል መሪው ካስማዎቹን ቆጥሮ ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ በታሰረው ወረቀት ይጽፋል። 12 ወጥቶ 10 ከተመለሰ 10 ብሎ ይጻፍ፤ ወደ ቀጣዩ ጉዞ ስንነሳ መጀመሪያ የምናነበው ያንን ወረቀት ነው።