የማፍጠሪያው ዘይት

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ካፍቴሪያ፣ የምግብ ትራፊ የሚጣልበት በርሜል በየካቲት 2017 መጨረሻ ከወትሮው በጣም ቀድሞ መሙላት ጀመረ። ካፍቴሪያው ለቀኑ ፈረቃ 400 ለማታው 200 ያህል ሰው ይመግባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቷል፤ ረመዳን የካቲት 22 ጀምሯል። ድርጅቱ የቀኑን ምሳ ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጎ ነበር። ለማታው ፈረቃ ደግሞ ቴምር፣ ሾርባና የሥጋ ሳምቡሳ ያለበት ማፍጠሪያ ያቀርባል። ይህን ያሰቡት ሰዎች ልባቸው ንጹሕ ነበር። ሆኖም ቀን ምስሩ እንዳለ ይመለሳል፤ ማታ ሳምቡሳው ይተርፋል።

የካፍቴሪያው ኃላፊ በመጀመሪያ የጠረጠረው ጣዕሙን ስለሆነ በርበሬው ተጨመረ። ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ በማደያው መስኮት ላይ «የጾም ምግብ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እሱም አልረዳም። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሰፊ ማሽኗ ላይ እንዳለች ራሷን ሳተች። ክሊኒክ ገብታ ስትነቃ ነርሷ «ምሳ በልተሻል?» ብላ ጠየቀቻት፤ «አዎ» አለች። የደም ስኳሯ ሲለካ ግን 58 ብቻ፣ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

ነገሩን ያወቀችው የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ናት፤ ያወቀችውም በስብሰባ አይደለም። ዕቃ ማጠቢያው ዘንድ ሄዳ ለዓመታት እዚያ የሠሩትን እናት «እትዬ፣ ልጆቹ ምን ሆነው ነው የማይበሉት?» አለቻቸው። «ልጄ፣ ዘይቱን እኮ አይተውታል» አሏት።

የሆነው ይህ ነው። የማታው ወጥ ሠሪ ሳምቡሳ ጠብሳ ስትጨርስ የተረፈውን ዘይት በጨርቅ አጥልላ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በየምሽቱ 15 ሊትር ያህል ይሆናል። ጠዋት የምትገባው ወጥ ሠሪ ደግሞ ለ400 ሰው 28 ኪሎ ምስር ክክ፣ 40 ኪሎ ሽንኩርትና 10 ሊትር ዘይት ያስፈልጋታል። ጀሪካኑን እዚያው ታገኘዋለች፤ ሥጋ የተጠበሰበት መሆኑን የነገራት የለም። የዘይት ዋጋ ውድ ስለሆነ «የተረፈ አይጣል» የሚል መመሪያም ነበር። ስለዚህ ለጾም ወጡ የሚሆነው ቁሌት ለቀናት የሥጋ ዘይት ሲገባበት ቆይቷል። አንዲት ሽንኩርት ላጭ አይታ ለጓደኛዋ ነገረች፤ በማግስቱ ፈረቃው በሙሉ ያውቃል።

የማታው ነገር ሌላ ነው። ግዢ ክፍሉ ሥጋውን የሚያመጣው ዋጋ ካሸነፈ አቅራቢ ሲሆን ማን እንዳረደው የጠየቀ አልነበረም። ሙስሊሞቹ ሠራተኞች በማን እጅ እንደታረደ ያላወቁትን ሥጋ አይበሉም። ቴምሩን በልተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ አመስግነው ይነሣሉ። ምስጋናቸውን የሰማ ኃላፊ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም። ይህን እንደ ፍርሃት ብቻ ማየት ስህተት ይመስለኛል። የተለያየ እምነትና ብሔር ባለበት የስፌት መስመር (ላይን) ላይ አጠገብ ለአጠገብ ለሚሰፉ ልጆች፣ የምግብ ቅሬታ ማንሣት የጎረቤታቸውን ማፍጠሪያ እንደመቃወም ሊቆጠርባቸው ይችላል። ያበሰለችውን ሴት በሰው ፊት ማሳፈርም ነውር ነው ተብለው አድገዋል። ዝም ያሉት ሰላም እንዳይደፈርስ ነው፤ ዋጋውን ግን በባዶ ሆዳቸው ከፈሉ። ስለዚህ የመጠየቁ ሸክም የአሠሪው መሆን አለበት። አጠያየቁም መታወቅ አለበት። ሱፐርቫይዘር መጠየቅ የለበትም፤ ምርት የሚቆጥርባትን ሰው ሠራተኛዋ እውነቱን አትነግረውም። «አንቺ ለምን አልበላሽም?» ከተባለች «አልራበኝም» ትላለች። «ጓደኞችሽ ምን ቢደረግ ይበላሉ?» ስትባል ግን ስለ ሌላ ሰው እየተናገረች የራሷንም ታወጣለች። በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ሥልጣን የሌላት ሴት ብትጠይቅ የበለጠ ይሆናል። የሰው ሀብት ሠራተኛዋ በዚህ መንገድ ነው ከሁለቱም ወገን የሚፈለገውን ሰምታ የጻፈችው።

ማስተካከያው ከዘይቱ ጀመረ። በክርስቲያንና በሙስሊም ለታረደው ሥጋ ለየብቻ ወጥ ቤት ማቆም ለዚህ ድርጅት አቅሙ አይደለም። ሙስሊም ሠራተኞቹ ሲጠየቁ የሚያጠራጥር ሥጋ ከሚቀርብልን ባይኖር እንመርጣለን አሉ። ስለዚህ ሳምቡሳው የምስር ሆነ፣ ሾርባው የአጃ ሆነ፤ ሥጋ በሁለቱም አጽዋማት ከካፍቴሪያው ወጣ። የምስር ሳምቡሳ ሙስሊሙም ጿሚ ክርስቲያኑም ይበላዋል። ቢሆንም የተጠበሰበት ዘይት ወደ ቁሌት እንዳይመለስ ተከለከለ፤ ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይመርራል፣ ሠራተኛውም ያንን ጀሪካን ዳግመኛ እንዲያይ አይፈለግም። ጀሪካኑ ተጥሎ ዘይቱ በየቀኑ ተሰፍሮ ከመጋዘን በፊርማ ይወጣል፤ የማታዋና የጠዋቷ ወጥ ሠሪም የተረፈውን በመዝገብ ይረካከባሉ።

ከዕቃዎቹ ውስጥ ለየብቻ መሆን ያለባቸው በዋናነት የእንጨቶቹ ናቸው። የአሉሚኒየም ድስት በፈላ ውኃና በላርጎ ከታጠበ ይጸዳል። የእንጨት ማማሰያና መክተፊያ ግን ቅቤ ስለሚመጥ ሽታው አይለቅም፤ ለጾም የሚሆነው ጫፉ አረንጓዴ፣ ለፍስኩ ቀይ ተቀባ። ጭልፋና ማጠቢያ ሽቦም እንዲሁ ተለየ። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን የማደያው መስኮት መስፋቱ ነው። ከውጭ የቆመ ሰው የትኛው ጭልፋ የትኛው ድስት ውስጥ እንደሚገባ ያያል። የተለጠፈው ወረቀት ያላመጣውን እምነት ይህ አመጣ፤ በሳምንት ውስጥ በርሜሉ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

የሰዓቱ ነገር ቀረ። የቀኑ ፈረቃ ከጠዋቱ 12 እስከ 8 ሰዓት ሲሆን ምሳ በ5፡30 ነው። በዐቢይ ጾም ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምሱ ብዙ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ይህ የለም፤ ጠዋት ይበላል፣ ምግቡ ግን የጾም ነው። ለጠበቁት ድርሻቸውን በምሳ ዕቃ ቋጥሮ መስጠት ተሞክሮ ወጡ መበላሸት ጀመረ። የበሰለ ምግብ ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲጠበቅ ግን ይቆያል። ስለዚህ አንድ ድስት በዝግ እሳት ላይ ቆይቶ 8፡10 ላይ ሁለተኛ ማደያ ይከፈታል፤ የሚፈልግ 9 ሰዓት እስኪሆን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። ለእነዚህ ሰፊዎች ከባድ መጫንና ማውረድ ከሰዓት በኋላ እንዳይሰጣቸው ላይን መሪዎቹ ተነግሯቸዋል። የማታው ፈረቃም የ20 ደቂቃ ዕረፍቱ ከፀሐይ መጥለቂያ ጋር ወደ 12፡40 ገደማ ተዛወረ።

ሌሎች ጥቃቅን ወጥመዶችም አሉ። ዳቦ ወተት ወይም እንቁላል ሊገባበት ይችላል። የታሸገ ብስኩት የወተት ዱቄት ይኖረዋል፤ ከጀርባው ማንበብ ነው። ዓሣን «ሥጋ አይደለም» ብሎ በዐቢይ ጾም ማቅረብ አይጠቅምም፤ ብዙዎች አይበሉትም፣ አንዳንዱ ይበላል፣ ክርክሩ ማዕድ ላይ ይወጣል።

የቀን መቁጠሪያውንም ወጥ ቤቱ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ ካለፈው ዓመት 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለሚውልና ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለሚጀምር፣ የቴምር፣ የአጃና የምስር ግዢ ዝርዝር በጥር ተጠናቅቆ ለመጋዘን ተላልፏል።